ባዶ ቦታም ይቆጠራል



በቀደም ዕለት ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሳለን አንዲት እናት ጄሪካናቸውን አጠገባችን አሳርፈው፣ «መምህር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉን። «ምን ቅያሜ አለ፤ ይጠይቁ እንጂ እትዬ» አልናቸው።

«ልጄን በሒሳብ ሰዓት ግጥም ታስጨበጭቡታላችሁ አሉ። እሱም ማታ ማታ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲመታ ያመሻል። ምን እየሠራህ ነው ስለው ‹የቤት ሥራዬን› ይለኛል። እኔ የላክሁት ቁጥር እንዲያውቅልኝ ነው፤ ጭብጨባውንማ ሠፈር ውስጥም አላጣው። ይኸ ነገር የጤና ነው?»

በሁለት ቃል ልንመልስላቸው ስንሞክር ተራቸው ደረሰ። ከቧንቧ ፊት ቆሞ ስለ ትምህርት ማስረዳት ደግሞ ከኋላ ያለውን ሰው ማስቆጣት ነው። ስለዚህ «በመጽሔታችን ላይ ጽፈን እናስረዳዎታለን» ብለን ተለያየን። እኚህ እናት በአፋቸው ያወጡትን ጥያቄ ሌሎችም ወላጆች በሆዳቸው ይዘውት ይሆናል ብለን እንገምታለን። ስለሆነም ይህች ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍ ወረቀት መልሳችንን ለሁሉም ታድርስልን።

እኛ የሠለጠንነው በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። በዚያ ቤት ሒሳብና ሥነ ግጥም የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ነበሩ። የሒሳብ አሠልጣኛችን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቁጥር ሞልተውት ይወጣሉ፤ የአማርኛ አሠልጣኛችን ደግሞ ገብተው እሱን ያጠፉና ስለ ስንኝና ስለ ቤት አመታት ያስተምሩናል። ከሁለተኛው መምህር የያዝነው ትምህርት ይኸ ነው፦ የአማርኛ ግጥም በዘፈቀደ አይሄድም፤ ይቆጠራል። አፍ አንድ ጊዜ ከፈት ሲል የሚወጣው የድምፅ ቁራጭ ቀለም ይባላል። የወል ቤት የሚባለው በአንድ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ 6ቱ ከመካከለኛው ዕረፍት በፊት፣ 6ቱ ከዕረፍቱ በኋላ። ሰንጎ መገን 10 ነው፤ 5 እና 5። ቡሄ በሉ 8 ነው፤ 4 እና 4። ይህን ሁሉ ሸምድደን ለፈተና ጻፍን፤ ደኅና ውጤትም አገኘን። ዳሩ ግን ያ ቆጠራ ራሱ ሒሳብ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በአንዱ ደብተር ላይ ስንኝ እንከፍላለን፤ በሌላው ደብተር ላይ ቁጥር እንከፍላለን፤ ሁለቱ ደብተሮች አንድ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ሳይነጋገሩ ትምህርታችንን ጨረስን።

ከአገር ስንወጣ ደብተሮቹ እዚያው ቀሩ። የወጣንበትን ምክንያት እዚህ አናነሳውም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ያውቃል። ይህ የካኩማ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስለዚህ እኛ ስንደርስ እዚሁ አቧራ ላይ ተወልደው፣ እዚሁ አድገው፣ እዚሁ ወላጅ የሆኑ ሰዎች አገኘን። ልጆቻችን ቀን ቀን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ይማራሉ፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደግሞ ከዛፉ ጥላ ሥር እኛ ዘንድ መጥተው አማርኛ ያነባሉ፤ በሒሳብም እናግዛቸዋለን።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሒሳብ የማይገባቸው መስሎን ነበር። ቀስ ብለን ስናይ ግን የቸገራቸው ሌላ ነው። ሃያ አምስትን በቤት «ሃያ አምስት»፣ በክፍል «ትወንቲ ፋይቭ»፣ በሱቅ ደግሞ «ኢሺሪኒ ና ታኖ» ይሉታል። ልጁ ጥያቄውን በአንደኛው ቋንቋ ይሰማል፣ በሁለተኛው ይደምራል፣ በሦስተኛው ልመልስ ሲል ቁጥሩ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። በዚህ ላይ በእጃችን የነበረው አሮጌ መጽሐፍ የሚጠይቀው ስለ ባቡር ነው። ባቡር አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሁለት ባቡሮች መቼ እንደሚገናኙ ማወቁ ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ አንድ ቀን ባቡሩን ትተን ልጆቹ በየቀኑ የሚሸከሙትን ነገር አነሣን። ጥያቄውን በተራ አነጋገር ስንነግራቸው አልያዙትም። በማግሥቱ በወል ቤት አድርገን አመጣንላቸው፦

ሦስት ጄሪካን ውሃ ከቧንቧ ተቀዳ፣
ሃያ ሃያ ሊትር ሞልቶ ገባ ጓዳ፤
ስድስት ሰው ከቤቱ እኩል ቢካፈለው፣
በያንዳንዱ ሰው እጅ ስንት ሊትር ነው ያለው?

ግጥሙ ትልቅ ግጥም አይደለም፤ እኛም ባለቅኔ ነን አንልም። ነገር ግን ልጆቹ በዚያው ዕለት በቃላቸው ያዙት፤ በማግሥቱም ወረቀት ሳያዩ ሦስቱን በሃያ አባዝተው 60፣ ስልሳውን ለስድስት አካፍለው 10 ሊትር አሉን። ያስገረመን መልሱ አይደለም። ያስገረመን ቁጥሮቹ አለመጥፋታቸው ነው። ነገሩን ለመፈተን አንዱን ልጅ ሃያውን በሠላሳ ለውጠህ በል አልነው። «ሠላሳ ሠላሳ ሊትር» ብሎ ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ሣቀበት፤ ስንኙ ከ12 ወደ 14 ቀለም አብጦ ጭብጨባው ተደናቀፈ። ምጣኔው ቁጥሩን እንደ ቁልፍ ጠብቆታል ማለት ነው።

ይሁንና አንዲት ብልህ ልጅ እጇን አንሥታ፣ «ቲቸር፣ ስድስት ሰው በሚለው ፋንታ ሰባት ሰው ብንልስ? እሱ አይሰበርም» አለችን። እውነቷን ነው። ስድስትም ሁለት ቀለም፣ ሰባትም ሁለት ቀለም ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን አይዝም። «እንግዲያው አካፍዪው» አልናት። ስልሳን ለሰባት ስታካፍል 8 ደርሶ 4 ተረፈባት። ግጥሙ ያሳለፈውን ስሕተት ሒሳቡ ያዘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ደብተሮች እርስ በርስ መነጋገር እንዳለባቸው ተረዳን።

ይኸ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የሕንዱ ሊቅ ባስካራ እ.ኤ.አ. በ1150 «ሊላቫቲ» የተባለውን የሒሳብ መጽሐፉን የጻፈው በግጥም ነው። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ትምህርት በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይያዝ ስለነበረ፣ በቃል የሚያዝ ነገር ደግሞ ምጣኔ ስለሚያስፈልገው ነው። በአገራችንም ባሕረ ሐሳብ የሚማር የቤተ ክህነት ተማሪ የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት በቃሉ ይይዛል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይነግራችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው ጭብጨባው የመጣው። ልጆቹ ቀለምን በፊደል ልክ መቁጠር አበዙ። ፊደል ግን ያታልላል፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ በአፍ ላይ ራሱን ችሎ የማይቆም ፊደል አለ። «አንድ» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሲጠራ ግን አንድ ጭብጨባ ነው። «ሦስት»ም እንዲሁ። «ሁለት» ሁለት ጭብጨባ ነው። እስኪ እናንተም ሞክሩት፦ ከአንድ እስከ ዐሥር ያሉትን የቁጥር ስሞች ብትጽፏቸው 33 ፊደል ይወጣቸዋል፤ እያጨበጨባችሁ ብትጠሯቸው ግን 18 ቀለም ብቻ ናቸው። አንዱ ልጅ ደግሞ 33ን ሲሰማ «የሀሁ ረድፍ ቁጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነው፤ በተለምዶ የምንማረው ፊደል 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ 231 ነው። ማባዛትን በዚያ ቀን ያስተማርነው በእሱ ነው።

ቀጥለን ወደ ከበደው ነገር ገባን፤ ይኸውም ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። ልጆቹን በሦስት ቡድን ከፈልናቸው። አንደኛው ቡድን እንደ ቡሄ በሉ በየአራቱ፣ ሁለተኛው እንደ ሰንጎ መገን በየአምስቱ፣ ሦስተኛው እንደ ወል ቤት በየስድስቱ ጭብጨባ ላይ ደመቅ አድርጎ እንዲመታ አዘዝን። ሁሉም እኩል ጀመሩ። መጀመሪያ ሁከት ብቻ ነበር። በ12ኛው ላይ የአራቱና የስድስቱ ቡድን አብረው መቱ፤ በ20ኛው ላይ የአራቱና የአምስቱ፤ በ30ኛው ላይ የአምስቱና የስድስቱ። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ60ኛው ላይ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ሲመቱ በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው ቆሙ። የአራት፣ የአምስትና የስድስት ትንሹ የጋራ ብዜት 60 ነው። እኛ ይህን በኮሌጅ በቀመር ተምረነው ነበር፤ በጆሯችን የሰማነው ግን ያን ዕለት ነው።

ልጆቹ ሁሉ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የሱማሌ ጎረቤቶቻችንም ልጆች ይመጣሉ። አንድ የሱማሌ መምህር ቡና ስንጠጣ እንዳጫወቱን የእነሱ ግጥም የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው፤ አጭር አናባቢ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት ሆኖ ይመዘናል። ገጣሚው ሞሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ ጋሪዬ በሚለው ስሙ የሚታወቀው፣ ይህን ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ አስረድቶታል። እኛም ለልጆቹ እንዲህ ስንል ጠየቅናቸው፦ አጭሩ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት ከሆነ አራት መጠን ያለውን ቦታ በስንት ዓይነት መንገድ መሙላት ይቻላል? አጭሩን በትንሽ ጠጠር፣ ረጅሙን በትልቅ ጠጠር አድርገው መሬት ላይ ደረደሩት። አንድ መጠን በ1 መንገድ፣ ሁለት በ2፣ ሦስት በ3፣ አራት በ5፣ አምስት በ8 መንገድ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ይህን ተርታ ዓለም የሚያውቀው በጣሊያናዊው ፊቦናቺ ስም ነው፤ እሱ ግን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1202 ሲሆን ከእሱ ቀደም ብሎ በ12ኛው መቶ ዓመት ሄማቻንድራ የተባለ የሕንድ ሊቅ የግጥም ምጣኔ ሲቆጥር አግኝቶታል። ቁጥሩ ከግጥም ውስጥ ተገኘ እንጂ ግጥሙ ላይ በግድ አልተለጠፈም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ደስ የሚል ወሬ ነው። አሁን ያቃተንን ነገር እንናገር።

ያቃተን ዜሮ ነው። «መቶ አምስት ጻፉ» ስንል ብዙዎቹ 1005 ብለው ይጽፋሉ። መቶን 100 ብለው ከጻፉ በኋላ ጎኑ ላይ 5ን ያስቀምጣሉ። እንደሚሰሙት ነው የሚጽፉት፤ መቶ፣ ከዚያ አምስት። በእርግጥ ለዚህ አጻጻፍ አባት አላጣም። በግዕዝ አኃዝ መቶ አምስት ፻፭ ነው፤ መቶና አምስት ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ምንም የለም። የግዕዝ አኃዝ 20 ምልክቶች አሉት፤ የዜሮ ምልክት ግን የለውም፤ አያስፈልገውምም። «አልቦ» የሚል ቃል አለ፤ የለም ማለት ነው፤ ምልክት ግን አልተሠራለትም። በ105 ውስጥ ያለችው ዜሮ ግን ሥራ አላት። የዐሥር ቤት ባዶ መሆኑን ትናገራለች፤ ቦታውንም ትጠብቃለች። እሷ ከወጣች መቶው ወደ ዐሥር ቤት ይወርድና ቁጥሩ 15 ይሆናል። ይህን በጠጠር፣ በእንጨት፣ በጣት ብናስረዳ ልጆቹ አልተቀበሉንም። አንዱ ልጅማ ፊት ለፊት፣ «ቲቸር፣ ምንም ከሌለ ለምን ይጻፋል?» አለን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ለቤት ሥራ እንዲህ ስንል አዘዝን፦ «በቤታችሁ ያለውን የሰው ቁጥር ያዙና በወል ቤት ሁለት ስንኝ ጻፉ።» ያን ጊዜ ቀላል ጥያቄ መስሎን ነበር። በማግሥቱ ወረቀቶቹን ሰብስበን በቀይ እስክሪብቶ ስናርም የአንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ወረቀት እጃችን ገባ። ስሟን አንጽፍም፤ ነገሩን እንድንጽፍ ግን እሷም እናቷም ፈቅደውልናል። ይህች ልጅ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ ናት፤ ታጨበጭባለች፣ ትጽፋለች፣ አትናገርም። የጻፈችው ይኸ ነው፦

አምስት ሰዎች ነበርን ከቤት ስንወጣ፣
አራታችን ደረስን አንዱ ሳይመጣ።

እኛም እንደ ደንቡ ቆጠርን። የመጀመሪያው ስንኝ 6 እና 6፤ ድንቅ ነው። ሁለተኛው ግን 6 እና 5። አንድ ቀለም ጎድሎታል። መምህር ነንና «አንዱ» እና «ሳይመጣ» በሚሉት ቃላት መካከል በቀይ «ግን» የሚል ቃል ጨምረን 12 ሞላንላት። ከሥሩም «ጥሩ ነው፤ ቀለም መቁጠር አትርሺ» ብለን ጻፍን። እንደዚያ ብለን ስንጽፍ ቃሉ የሚለውን ሳይሆን የቃሉን ቁጥር ብቻ ነበር የምናየው። አሁን ስናስበው ያሳፍረናል።

በማግሥቱ ወረቀቱን መልሳ አመጣችልን። ቀዩን ቃል በምራቅ ባራሰችው ጣት ፈቅፍቃ አጥፍታዋለች፤ ወረቀቱም ሳስቶ ብርሃን ያሳያል።

«ለምን አጠፋሽው?» አልናት።

«ቲቸር፣ ዐሥራ ሁለት ነው።»

«ዐሥራ አንድ ነው እንጂ። ነይ፣ አብረን እናጨብጭብ።»

ማጨብጨብ ጀመረች። የመጀመሪያውን ሐረግ ስድስቱን በትክክል መታች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ «አን» ብላ መታች፤ «ዱ» ብላ መታች፤ ከዚያ አፏን ገጥማ አንድ ጊዜ መታች፤ ከዚያ «ሳይ»፣ «መ»፣ «ጣ»። ስድስት ጭብጨባ ነው። አልተሳሳተችም።

«ይህችኛዋ ጭብጨባ ቃል የላትም እኮ» አልናት።

«የሱ ናት» አለችን።

ከዚህ በላይ አልጠየቅናትም። በኋላ እናቷ እንደነገሩን ታላቅ ወንድሟ በመንገድ ላይ ከእነሱ ተለይቷል። ሞተ የሚል ሰው አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። በራሽን ካርዱ ላይ 4 ናቸው፤ ካርዱ ደግሞ እዚህ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚቆጥረው። ልጅቷ ግን 4 ብቻ ብላ መጻፍ አልፈለገችም፤ 5 ብላ መጻፍም ውሸት ሆነባት። ስለዚህ ቦታውን ባዶ አድርጋ ቆጠረችው። እኛ «ግን» በሚለው ቃል የደፈንነው ያንን ቦታ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ፈቃዷን ጠይቀን፣ ሁለቱን ስንኞች ሰሌዳው ላይ ጻፍናቸውና ልጆቹ እንደ እሷ እንዲያጨበጭቡ አደረግን። ምክንያቱን አልነገርናቸውም፤ ብዙዎቹ ግን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። በዚህ ካምፕ ውስጥ ያለ ቃል የሚመታ ጭብጨባ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገሙት በኋላ ያ «ምንም ከሌለ ለምን ይጻፋል?» ብሎን የነበረው ልጅ ብድግ አለና፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ዜሮ ማለት የሷ ጭብጨባ ነዋ?» አለ።

ሰሌዳው ላይ 105 ጻፍን። «አንድ» ብለው መቱ፤ አፋቸውን ገጥመው መቱ፤ «አምስት» ብለው መቱ። ቀጥለን 15 ጻፍን፤ ባዶ ጭብጨባ የለም። 150 ጻፍን፤ ባዶዋ መጨረሻ ላይ መጣች። 1005 ጻፍን፤ በመካከል ሁለት ጊዜ አፋቸውን ገጥመው መቱ፤ ያኔ ራሳቸው «ይኼማ መቶ አምስት አይደለም!» አሉ። ለሳምንታት ያቃተን ነገር በግማሽ ሰዓት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ልጅ የለም ብንል ግን ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ልጆች እንደገና 1005 ጽፈዋል። ልዩነቱ «አጨብጭቡት» ስንላቸው እርማቱን ከእኛ አለመጠበቃቸው ነው።

የዜሮን ሕግጋት አጥርቶ የጻፈው ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ628። ቁጥር ከራሱ ላይ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ በቁጥር ላይ ቢደመር ቁጥሩ አይለወጥም ብሎ አስቀመጠ። ያንንም መጽሐፍ የጻፈው በግጥም ነው። ይህን በኮሌጅ ብንሰማው ኖሮ «ደስ የሚል ነገር ነው» ብለን እናልፈው ነበር። አሁን ግን እንዲህ እናስባለን፦ ባዶ ቦታን ቆጥሮ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ወይ ሒሳብ የሚያውቅ ነው፤ ወይ ግጥም የሚያውቅ ነው፤ ወይም የሚጠብቀው ሰው ያለው ነው። ልጅቷ ሦስቱንም ሆና ተገኘች።

እዚህ ላይ ስሕተታችንንም እንናገር። «በቤታችሁ ስንት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቦታ እንደ ሌላ ቦታ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁላችንም በመዝገብ ፊት ቆመን ተጠይቀነዋል፤ ስንመልስም ድምፃችን ተሰባብሯል። ያንን ጥያቄ ለልጅ የቤት ሥራ አድርጎ መስጠት ያልታሰበበት ነገር ነበር። አሁን «የፈለጋችሁትን ቁጥር ያዙ» እንላለን። ስለ ቤቱ መጻፍ የፈለገ ይጽፋል፤ ስለ ፍየልና ስለ ኳስ መጻፍ የፈለገም ይጽፋል። ብዙው የሚጽፈው ስለ ኳስ ነው፤ እሱም ደስ ይለናል። ቀይ እስክሪብቶውንም አልጣልነውም፤ ማረም ሥራችን ነው። ግን ከማረማችን በፊት «ይህችን እንዲህ ያደረግሃት ለምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ ጀምረናል። ከአምስቱ አራቱ «ተሳስቼ ነው» ይላሉ፤ ለአምስተኛው ስንል ሁሉንም እንጠይቃለን።

ወላጆችም እንዳትሳሳቱብን። ግጥም የሒሳብ ምትክ አይደለም። የማባዣ ሠንጠረዥ አሁንም ይጠናል፤ ማካፈል አሁንም በወረቀት ላይ ይሠራል፤ ያልሠራ ልጅም አሁንም ይገሠጻል። ጭብጨባ የማይሆንለት ልጅም አለ። አንድ ተማሪያችን በስሌት ከሁሉም ይበልጣል፤ ጭብጨባ ላይ ሲደርስ ግን እጁና አፉ አይስማሙም። እሱን አናስገድደውም፤ ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሱ ቆጣሪ ይሆናል፤ በ60ኛው ላይ እጁን የሚያነሣው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናችሁ። በየቤታችሁ፣ በየቋንቋችሁ፣ ልጆች የሚቆጥሩበት ግጥም፣ የገመድ ዝላይ ቆጠራ፣ ቁጥር ያለበት እንቆቅልሽ ካለ ለልጆቻችሁ ነግራችሁ ወደ እኛ ላኩልን። በኦሮምኛም ይሁን፣ በሱማሌኛም፣ በኑዌርኛም ይሁን፤ ልጁ ከነጭብጨባው ያምጣው። ደብተሮቻችን አገር ቤት ቀሩ ብለን ነበር፤ ለካስ ብዙው ደብተር በእናቶች አፍ ተሸክመነው የመጣነው ነው።

በመጨረሻም ለእኒያ ለጠየቁን እናት። እትዬ፣ ልጅዎ ማታ ማታ መደብ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲመታ እየተጫወተም እየሠራም ነው፤ ሁለቱንም ነው። ካላመኑን ዛሬ ማታ አብረውት ይቁጠሩ። በየስድስቱ ደመቅ አድርጎ የሚመታ ከሆነ እርስዎ በየአራቱ ይምቱ፤ በስንተኛው ላይ እንደምትገናኙ አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ዐሥራ ሁለት ካለዎት ቁጥር ያውቅልዎታል። ምናልባት ደግሞ በመካከሉ አፉን ገጥሞ፣ ቃል ሳያወጣ፣ አንድ ጊዜ ይመታ ይሆናል። ያኔ «ተሳሳትህ» አይበሉት፤ ቀስ ብለው የማን እንደሆነች ይጠይቁት።

ቸር እንሰንብት።